በጭቃ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር ስለሚኖሩ ተባዮችና ስለ መከላከያቸው

መግቢያ

ስለ ጤና ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የሐኪም፥ የመድኃኒትና የሆስፒታል ነገር ነው። ነገር ግን ሰው ከዕድሜው ሲሶ የሚያህለውን የሚያሳልፈው በመኝታው ላይ ስለሆነ፥ የጤናው ነገር የሚጀመረው ከሚተኛበት ክፍል ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው በከተማችን በጭቃ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር ስለሚኖሩት ስለ ሦስቱ ደም መጣጮች፥ ማለት ስለ ትኋን፥ ስለ ቁንጫና ስለ ቅማል ነው። ከዚያም ቀጥሎ እነዚህን ለማጥፋት ሲባል ወደ ቤት የሚገባው መርዝ፥ ብርዱን ለማባረር የሚገባውም ከሰል፥ ከተባዩ ይልቅ እንዴት የከፋ ጉዳት ሊያደርሱ እንደሚችሉ እናሳያለን። በመጨረሻም በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች በአነስተኛ ወጪ ሊያደርጉት የሚችሉትን እንገልጻለን።

ይህን ርእስ የመረጥነው በቤተ መጻሕፍት ብቻ አግኝተነው አይደለም። ባለፈው ዓመት ሦስት ተማሪዎች ሆነን በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነበር። በገባን በሦስተኛው ሌሊት ከእንቅልፋችን ተነሥተን መብራት ስናበራ ከትራሳችን ወደ ግድግዳው የሚሸሹ ትኋኖች አየን። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ደህና እንቅልፍ አላገኘንም። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ ወደ ገበያ ሄዶ በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ፥ ስምም ምልክትም ያልተጻፈበት ፈሳሽ ገዝቶ አመጣ። ሻጩም «ለትኋንም ለቁንጫም ለሁሉም ነው» ብሎት ነበር። እኛም ፍራሹንና ግድግዳውን ረጭተን፥ ኃይሉ እንዳይወጣ በማለት በርና መስኮቱን ዘግተን፥ በዚያው ምሽት በዚያው ፍራሽ ላይ ተኛን።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ አንደኛውን ጓደኛችንን ላብ ያጠምቀው፥ ምራቁም ያለማቋረጥ ይፈስ፥ ያስመልሰውም ጀመር። ተሸክመን ወደ ግቢው አወጣነው። የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት ነጠላቸውን ደርበው ወጡና «ልጆቼ፥ ምን አጠጣችሁት?» ብለው ጮኹ። ጎረቤት መኪና ፈልጎ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። በዚያም ሐኪሙ አስቀድሞ የጠየቀን «የረጫችሁት መድኃኒት ስሙ ማን ነው?» ብሎ ነበር። እኛ ግን መልስ አልነበረንም። ጓደኛችን በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሙ ትጋት ከሁለት ቀን በኋላ ተሻለው። ይሁን እንጂ አሥር ቀን ያህል እንዳለፈ ትኋኑ ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ ሰውን ለሞት ሊያደርስ የተቃረበ መርዝ ትኋንን ስለምን አላጠፋም? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የተጻፈ ነው።

ሀ) ስለ ቤቱ አሠራር

የጭቃ ቤት አሠራር ለሁላችንም የታወቀ ስለሆነ በሰፊው አንገልጸውም። እንጨቱ ቆሞ በማገር ከተያያዘ በኋላ ጭድ ገብቶበት የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን የሚደፍነው ከዚያ በኋላ የሚደረበው ምርግ ነው። ባለቤቱ ገንዘብ ያጠረው እንደሆነ ወይም ቤቱ ለኪራይ ብቻ የተሠራ እንደሆነ ግን የመጨረሻው ምርግ ይቀርና ስንጥቁ በጋዜጣ ይሸፈናል። ጋዜጣውም በዱቄት ሙጫ ይለጠፋል፤ ባረጀም ጊዜ ሳይገነጠል በላዩ ላይ ሌላ ይደረብበታል። በእኛ ክፍል ጋዜጣውን ስንገነጥል አምስት ድርብ ቆጥረናል፤ በየድርቡም መካከል ትኋን ያሳረፈው ጥቁር ነጠብጣብና የተገፈፈ ቆዳው ይታይ ነበር።

ከላይ ደግሞ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ ኮርኒስ አለ፤ እርሱም ለአይጥ መመላለሻ ነው። ከታች ወለሉ አፈር ሆኖ በእበት ይለቀለቃል፥ ወይም የፕላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሦስቱ ተባዮች ሥፍራ ተከፋፍለው ይኖራሉ። የትኋን መኖሪያ የግድግዳና የአልጋ ስንጥቅ ነው፤ የቁንጫ መራቢያ የወለሉ ትቢያ ነው፤ የቅማል ቤት ደግሞ የልብሳችን ስፌት ነው። ሦስቱም ደም መጣጮች ቢሆኑም አድራሻቸው የተለያየ ስለሆነ በአንድ መድኃኒት ሁሉንም አጠፋለሁ የሚል ሰው ከመጀመሪያው ተሳስቷል።

ለ) ስለ ትኋን

ትኋን ቀን በስንጥቅ ተደብቆ ይውልና ሌሊት የተኛን ሰው ትንፋሽና ሙቀት ተከትሎ ይወጣል። ክንፍ የለውም፤ እንደ ቁንጫም አይዘልም፤ ነገር ግን ፈጥኖ ይሄዳል፥ በዕቃና በልብስም ተሸሽጎ ከቤት ወደ ቤት ይዛወራል። ሴቲቱ እንቁላሏን በስንጥቁ ውስጥ እንደ ሙጫ አጣብቃ ትጥላለች። እንቁላሉ ሞቅ ባለ ቤት ከስድስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። ግልገሉ እስኪያድግ ድረስ ቆዳውን አምስት ጊዜ ይገፍፋል፤ ከእያንዳንዱም ግፈፋ በፊት ደም መጥገብ አለበት። ያደገው ትኋን ደግሞ ያለ ምግብ ብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ቤቱ ባዶ ስለ ከረመ ትኋን የለበትም» የሚለው የአከራዮች ቃል ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ በላይ የተገለጸው የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን ግማሽ ይመልሳል። እኛ የረጨነው መርዝ በፍራሹና በጋዜጣው ገጽ ላይ ቀረ፤ ከጋዜጣው ኋላ ተጣብቆ ወደ ነበረው እንቁላል ግን አልደረሰም። ያየነው ትኋን ሞተ፤ ያላየነው ከአሥር ቀን በኋላ ተፈለፈለ።

ሌላው ግማሽ መልስ ትኋን መርዝን መልመዱ ነው። የስዊሱ ሊቅ ፓውል ሚውለር የዲዲቲን ተባይ የመግደል ኃይል በ1939 እ.ኤ.አ. ካወቀ በኋላ በ1948 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በዚያን ጊዜ የትኋን ዘመን ያለፈ መስሎ ነበር። ነገር ግን ገና በ1947 በሐዋይ ደሴቶች በፐርል ሐርበር ዲዲቲ የማይገድላቸው ትኋኖች ተገኙ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ መርዙ ደካሞቹን ሲገድል በተፈጥሮ የሚቋቋሙት ጥቂቶች ይተርፋሉ፤ እነዚያም ሲራቡ ዘሮቻቸው ሁሉ የሚቋቋሙ ይሆናሉ። ከዲዲቲ በኋላ በመጡት መድኃኒቶችም ላይ ይኸው ነገር ደርሷል።

ትኋን በሽታን ከሰው ወደ ሰው ማስተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም። ጉዳቱ እንቅልፍ መንሣቱ፥ ማሳከኩና የተቧጨረው ቆዳ መመርቀዙ ነው። ይህን የምንጽፈው ጉዳቱን ለማቃለል አይደለም። ሰው በበሽታ የማይከሰሰውን ተባይ ለማጥፋት ሕይወቱን የሚያሳጣ መርዝ ወደ ቤቱ ማስገባቱ የሚያስቆጭ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ትኋን የማይለምደው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሙቀት ነው። ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ትኋኑም እንቁላሉም ወዲያው ይሞታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ለትኋን ከበቂ በላይ ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት አዳሪዎች ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ ፍራሻችንን ፀሐይ ላይ አስጥተን በብረት አልጋው መገጣጠሚያ ላይ የፈላ ውሃ እናፈስ ነበር። በዚያን ጊዜ ትኋኑን የሚገድለው ፀሐዩ ይመስለን ነበር። አሁን እንደምንረዳው ግን ፀሐዩ በፍራሹ አንድ ወገን ሲሞቅ ትኋኑ ወደ ጥላው ወገን ይዞራል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፈላው ውሃ ነበር።

ሐ) ስለ ቁንጫ

ቁንጫን ብዙ ሰው የሚያውቀው በልብሱ ላይ ሲዘል ነው። ነገር ግን በሰውነታችን ላይ የምናገኘው ያደገውን ብቻ ነው፤ እንቁላሉ፥ ትሉና ሙሽሬው ያሉት በወለሉ ላይ ነው። እንቁላሉ ከእንስሳው ወይም ከሰው ላይ ወደ መሬት ይወድቃል። ከእርሱ የሚወጣው ትንሽ ትል በአልጋ ሥርና በማእዘን የተጠራቀመውን ጉድፍና ያደጉት ቁንጫዎች የጣሉትን የደረቀ ደም ይመገባል። ከዚያም ትቢያ የተጣበቀበት ከረጢት በላዩ ሠርቶ ይተኛል።

በዚህ ከረጢት ውስጥ ያለው ቁንጫ የሰው እግር ንቅናቄና ትንፋሽ እስኪሰማው ድረስ ለብዙ ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ሊጠብቅ ይችላል። ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የነበረ ቤት ሲከፈት ቁንጫ በአንድ ጊዜ እንደ ጤፍ የሚፈሰው ስለዚህ ነው። ሰዎች ይህን ሲያዩ «ቤቱ ሰው ናፍቆት ነው» ይላሉ፤ ነገሩም ከእውነት የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ቁንጫን የሚያጠፋው በልብስ ላይ ማሳደድ ሳይሆን ወለሉን መጥረግ ነው። ትቢያው እንዳይበን ውሃ ረጨት አድርጎ አልጋና ሣጥን አንሥቶ መጥረግና ጥራጊውን ማቃጠል ይገባል። የፕላስቲክ ምንጣፍ ያለው ሰው ምንጣፉን ገልጦ ከሥሩ ያለውን መጥረግ እንዳይረሳ፤ ምክንያቱም ምንጣፉ ትቢያውን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። በየሳምንቱ ይህን ያደረገ ሰው ትሉ ሳያድግ ይደርስበታል።

በዚህ ላይ ስለ አይጥ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የአይጥ ቁንጫ አንዱን የተስቦ ዓይነት ወደ ሰው ያስተላልፋል፤ በሽታው የሚገባው ቁንጫው የጣለው ኩስ በተቧጨረ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ነው። አይጥ በሞተች ጊዜ ቁንጫዋ ሬሳውን ትቶ ሌላ ሙቅ ደም ይፈልጋል። ስለዚህ የቤቱን ቁንጫ ሳያጸዱ አስቀድሞ አይጥን መግደል ቁንጫውን ወደ ራስ መጥራት ነው።

መ) ስለ ቅማል

ከሦስቱ ተባዮች ነፍስ የሚያጠፋው የልብስ ቅማል ነው። የልብስ ቅማል ከሰው ተለይቶ አንድ ሳምንት እንኳ በሕይወት ለመቆየት ይቸግረዋል። ቅጫሙን በስፌትና በእጥፋት ውስጥ ይጥላል። ሰውየው በትኩሳት ሲግል ወይም ሲሞት ደግሞ ትቶት ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። በሽታን የሚያዛምተውም በዚህ ጠባዩ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል በቱኒስ ከተማ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። የተስቦ በሽተኞች ከሆስፒታሉ በር ውጭ ሳሉ በሽታውን ለሌሎች ያስተላልፉ ነበር፤ ታጥበው ልብሳቸውን ለውጠው ከገቡ በኋላ ግን ማስተላለፉን ይተዉ ነበር። ስለዚህ በሽታው ያለው በልብሱ ላይ ነው ብሎ ገመተ፤ በ1909 እ.ኤ.አ. ም ተስቦን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን በምርመራ አረጋገጠ። ለዚህም በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በአገራችን ከቅማል ጋር የተያያዘው ሌላው በሽታ ግርሻ ነው። ግርሻ ለጥቂት ቀን አተኩሶ ይለቅና ከሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ያገረሻል፤ ስሙም የወጣው ከዚሁ ነው። በብዙ አገር የጠፋው ይህ በሽታ በኢትዮጵያ እስካሁን አለ። የሚበረታውም በክረምት ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሰው ብርዱን ፈርቶ ተጠጋግቶ ይተኛል፥ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፥ መለወጫም ያጥራል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው ብዙ መከራ አልፈው አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ ታይቶ፥ የብዙዎቹ የዚያ አገር ሐኪሞች ከመጽሐፍ በቀር የማያውቁት በሽታ ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢያንን በብርቱ ልናሳስብ የምንወደው ነገር አለ። የግርሻ ባክቴሪያ የሚተላለፈው ቅማሉ በመንከሱ ሳይሆን በመጨፍለቁ ነው። ባክቴሪያው በቅማሉ ሰውነት ውስጥ ስላለ፥ ቅማሉ ሲፈርጥ በተቧጨረ ቆዳ ወይም ጣት ዓይንን ሲነካ ይገባል። በየደጁ ፀሐይ እየሞቁ ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መካከል መግደል የቆየ ልማዳችን ነው። ነገር ግን በሽታ ባለበት ጊዜ ይህ ልማድ በሽታውን በገዛ እጅ እንደ መክተብ ነው። ከዚህ ይልቅ ልብሱን በፈላ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፥ የማይዘፈዘፈውንም ልብስ ገልብጦ ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ይበልጣል።

ግርሻ በፔኒሲሊን ወይም በቴትራሳይክሊን ይድናል። ሆኖም ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ማንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውደቅ ሊያስከትል ስለሚችል፥ በሽተኛው መድኃኒቱን ገዝቶ በቤቱ ሳይውጥ በሐኪም ፊት መታከም አለበት።

ሠ) ስለ መርዝና ስለ ከሰል

በገበያ በፕላስቲክ እየተቀዳ የሚሸጠው አንዳንዱ ፈሳሽ ለእርሻ የተሠራና በብዙ ውሃ መበረዝ የሚገባው ነው። ከነዚህም መካከል እንደ ማላታዮን ያሉት በነርቭ ላይ የሚሠሩ መርዞች ናቸው። ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ ትእዛዝ ከሰጠ በኋላ ትእዛዙን የሚያቆም ኢንዛይም በሰውነታችን አለ፤ መርዙ ይህን ኢንዛይም ያግደዋል። ትእዛዙ ስለማይቆም ላብና ምራቅ ይፈስሳል፥ የዓይን ብሌን ይጠባል፥ ያስመልሳል፥ በመጨረሻም መተንፈስ ያቅታል። በጓደኛችን ላይ ያየነው ይህንኑ ነው። ማርከሻው አትሮፒን የሚባለው መድኃኒት ስለሆነ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት መድረስ ያድናል። ቢቻል የመርዙን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዞ መሄድ ይገባል። ይህን ፈሳሽ በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ማስቀመጥ ደግሞ ለሕፃን ወጥመድ እንደ ማጥመድ ነው።

ለነቀዝ ተብሎ በእህል ውስጥ የሚጨመረው ክኒን ከዚህም ይከፋል። ክኒኑ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ አልተገኘለትም። አንዳንድ ሰዎች ለትኋን ወይም ለአይጥ ብለው በመኝታ ክፍል ያኖሩታል፥ ወይም ክኒን የገባበትን እህል ካልጋቸው አጠገብ ያስቀምጣሉ። ይህ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

ሦስተኛው አደጋ ከሰል ነው። ማጣበቂያ የሌለው ስንጥቅ ትኋንን ቢያኖርም አየርንም ያስገባ ነበር። ስለዚህ ግድግዳውን የደፈነ ሰው ቤቱ ከቀድሞው ይልቅ የታፈነ መሆኑን ማወቅ አለበት። ብዙ ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው፤ ስለሆነም ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ ፍሙን ወደ ቤት ያስገባል። ነገር ግን የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከጠራ ፍምም ይወጣል። ይህ ጋዝ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ይያያዛል፥ ኦክሲጅኑም መግቢያ ያጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ነቅቶ ካልወጣ በእንቅልፉ ይቀራል። ጭስ የለውም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

ረ) በአንድ ግቢ ስለሚደረግ ሥራ

ከዚያ ሌሊት በኋላ የቤቱ ባለቤት ጠርተው «ልጆቼ፥ ትኋን በልፋት ነው እንጂ በመርዝ አይወጣም» አሉን። እኛም ልፋቱን ጀመርን። ነገር ግን የእኛ ግድግዳ ለጎረቤታችንም ግድግዳ ስለነበረ፥ ብቻችንን ብንሠራ ተባዩ ወደ እነርሱ ሄዶ ተመልሶ ይመጣ ነበር። በግቢው ውስጥ ስድስት ቤተ ሰብ ነበረ። ከነዚህ አንዲት እናት «የኔ ቤት ንጹሕ ነው» ብለው አዘኑብን። ከዚህ የተማርነው ኀፍረት ከስንጥቅ ይልቅ ለትኋን መሸሸጊያ መሆኑን ነው። «እኛ ይዘንባችሁ መጥተን ይሆናል» ብለን ራሳችንን ካስቀደምን በኋላ ግን ፈቀዱልን።

የሥራው ተራ እንደሚከተለው ነበር። በአንድ ቅዳሜ ስድስቱም ቤት ዕቃውን ወደ ደጅ አወጣ። ጋዜጣው ሁሉ ተገንጥሎ ተቃጠለ። በአልጋው መገጣጠሚያና በግድግዳው ሥር የፈላ ውሃ ፈሰሰ፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለበትን ወገን ግን ተውነው። ልብስና አንሶላ በፈላ ውሃ ተዘፈዘፈ። ባለቤቲቱ አፈርና ጭድ ሰጡ፤ ጉልበቱን ተከራዮቹ አዋጣን፤ ስንጥቁም ተመረገ። አልጋዎቹ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል እንዲርቁ ተደረገ። ይኸው ሥራ ያለ ምርጉ ከአሥር ቀን በኋላ ተደገመ፤ ከዚያም ከአሥር ቀን በኋላ ሠለሰ። መደጋገሙ ያስፈለገው ከላይ እንደተባለው ያመለጠው እንቁላል ከስድስት እስከ አሥር ቀን ስለሚፈለፈልና ግልገሉ አድጎ ሳይወልድ ለመድረስ ነው። ከሰልም ከመኝታ ክፍል እንዲቀር ተስማማን፤ ቡና በደጃፍ ይፈላ ጀመር።

ሁሉም ፈጽሞ ጠፋ ብለን አንዋሽም። ከሁለት ወር በኋላ በአንድ ሣጥን ሥር ሁለት ትኋኖች አግኝተን ሣጥኑን እንደገና በፈላ ውሃ አጠብነው። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ችለናል፤ መርዝም አልገዛንም።

መደምደሚያ

በ2003 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ነፍሳትንና አይጥን መቆጣጠርን ከትምህርቶቹ አንዱ አድርጎታል። ትምህርቱ ግን የሚሠራው ነዋሪው የራሱን ቤት ሲመረምር ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ የሚገድል ተክል ለዓለም አስታወቁ። እንዶድ ለእናቶቻችን ለብዙ ዘመን የቤት ዕቃ ነበር፤ አስተውሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው ነው።

እኛም ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናሳስበው ይህንኑ ነው። መርዝ ከመግዛታችን በፊት ጠላታችን የት እንደሚያድር፥ መቼ እንደሚፈለፈልና ምን እንደሚበላ እንጠይቅ። እኛ ይህን ጥያቄ የጠየቅነው ጓደኛችን ከታመመ በኋላ ነው፤ ሌላው አስቀድሞ ቢጠይቅ ግን የበለጠ ደስ ይለናል።